በእጅ የማይለቀም፣ በማጭድ የማይታጨድ

በሐዋሳ ከተማ፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዳር፣ ጎሕ ሲቀድ ጀልባዎቹ መረባቸውን ጭነው ወደ ጠርዙ ሲጠጉ የሚመለከት እንግዳ፣ የአባ ኮዳዎቹ ቁመትና የገዢና የሻጭ ጫጫታ ዓይንና ጆሮውን ስለሚወስዱበት፣ በዓሣ አራጁ ልጅ ቢላዋ ሥር የሚሆነውን ትንሽ ነገር ልብ አይለውም። ልጁ የቆሮሶውን ሆድ ይሰነጥቅና አንጀቱን በሁለት ጣቱ ይስባል፤ አንጀቱም ይሳባል፣ ይሳባል፣ አያልቅም። ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ዓሣ ከራሱ ቁመት ብዙ እጥፍ የሚረዝም፣ እንደ ጥልፍ ክር የተጠቀለለ አንጀት ተሸክሞ ይኖራል፤ ያንን ክር በጥፍር ጫን ቢሉት የሚወጣው ደም አይደለም፣ እንደ ተፈጨ ጎመን ያለ ጥቁር አረንጓዴ ጭቃ ነው። ልጁ እጁን በሐይቁ ውኃ ለቅለቅ አድርጎ አንጀቱን ወደ ኋላው ይወረውራል፤ አባ ኮዳም መሬት ሳይደርስ ይቀበለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ነገር ያ አረንጓዴ ጭቃ ነው።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ በዕለተ ሠሉስ ምድር ያስገኘቻቸውን በሦስት ወገን ይከፍሏቸዋል፤ በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቆረጡ ዕፀዋት ይሏቸዋል። ክፍፍሉ በገበሬ ዓይን የተከፈለ ስለሆነ ልዩ ውበት አለው፤ ፍጥረቱን የሚለየው ሰው በምን መሣሪያ እንደሚደርስበት አይቶ ነውና። ታዲያ በውኃ ውስጥ የሚኖር፣ ሥርም ግንድም የሌለው፣ አበባ የማያውቅ፣ አብዛኛው ወገኑ ለዓይን እንኳ የማይታይ፣ ነገር ግን እንደ ዛፍ ቅጠል ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ፍጥረት ከሦስቱ በየትኛው ይገባል? እጅ አይለቅመውም፣ ማጭድ አያጭደውም፣ ምሳርም አያገኘውም። ስሙም በቋንቋችን እንደዚሁ ቤት አልባ ሆኖ ኖሯል፤ የትምህርት መጻሕፍት «ዋቅላሚ» ሲሉት፣ በከተማ ተምሬአለሁ የሚለው «አልጌ» ይለዋል፤ ጀልባ ቀዛፊው ግን ስም ሳያሻው «ውኃው አረንጓዴ ሆነ» ብሎ ያልፋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ዋቅላሚ እለዋለሁ፤ ቃሉ በአፍ ለመዞር የዘገየው ስለ ነገሩ የሚናገር ሰው በመጥፋቱ እንጂ በራሱ ጉድለት አይመስለኝም።

የባሕር አረም የሚባለውን ወገን፣ ማለት በጨው ባሕር ውስጥ እንደ ገመድ የሚረዝመውንና እንደ ቆዳ የሚሰፋውን ትልቁን ዋቅላሚ፣ ደገኛው ኢትዮጵያዊ በዓይኑ ባያየውም በጆሮው ያውቀዋል። በየዓመቱ በጾመ ነነዌ ትንቢተ ዮናስ ሲነበብ፣ ነቢዩ ከዓሣ አንበሪው ከርሥ ሆኖ ባቀረበው ጸሎት የባሕር ሣር በራሱ ላይ እንደ ተጠመጠመበት ሲናገር፣ ከዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ መቋሚያውን ተደግፎ የሚሰማው ሽማግሌ ያንን ሣር እንደ ሐረግ ወይም እንደ ቄጠማ አድርጎ በልቡ ይሥለዋል። እስራኤል የተሻገሩት ባሕርም በዕብራይስጡ የደንገል ባሕር የሚል ትርጓሜ ያለው ስም ሲኖረው፣ የግእዙ መጽሐፍ ግሪኩን ተከትሎ ባሕረ ኤርትራ፣ ማለት ቀዩ ባሕር ይለዋል። ቀይ የተባለበት ምክንያት ብዙ ዓይነት ነው፤ ከሁሉ ከነገራችን ጋር የሚገናኘው ግን ጀርመናዊው የተፈጥሮ መርማሪ ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ እ.ኤ.አ. በ1823 በሲና ምድር በኤል ቱር ወደብ ያየው ነው። የባሕሩ ዳርቻ ደም መስሎ ቢያገኘው ውኃውን ቀድቶ በአጉሊ መነጽር መረመረውና፣ ቅላቱ የእጅግ ደቃቅ ክሮች ስብስብ መሆኑን ተረድቶ፣ ለፍጥረቱ ከባሕሩ ስም የወሰደውን ስም ሰጠው። የጉዞ ባልንጀራው ዊልሄልም ሄምፕሪሕ ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ እ.ኤ.አ. በ1825 በምጽዋ በንዳድ ሞተ። እነሆ፣ ስሙ ከባሕር አልፎ ለአገር የተረፈው «ኤርትራ» የሚለው ቃል በዋቅላሚም ስም ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል።

ወደ ሐዋሳ እንመለስ። ሐዋሳ የሚለው ስም በሲዳምኛ ሰፊ ውኃ ማለት ነው ይባላል፤ ከተማይቱ ከመቆርቆሯ በፊት ግን ሥፍራው አዳሬ እየተባለ የሚጠራ የከብት መሰማሪያ ነበር። ምሥረታዋ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዢ ከነበሩት ከልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶች ተቀይሰው፣ በሐይቁ አጠገብ ቤተ መንግሥት ታንጾ፣ በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነት ከይርጋ ዓለም ተነሥቶ ወደዚህ ሲዛወር፣ የእረኛና የጉማሬ መዋያ የነበረው ውኃ የከተማ ደጃፍ ሆነ። ከዚያ በፊት በዚህ አገር ክብሩ የላምና የእንሰት፣ የወተትና የቅቤ ነበርና፣ ዓሣ የከተማው ልጅ ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም። ዛሬ መረቡ የሚያወጣው ሦስት ዋና ዋና ዓይነት ነው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ። ከሦስቱ ቆሮሶው በብዛትም በተወዳጅነትም ይበልጣል፤ በዐቢይ ጾም ወራት፣ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር በየቤቱ እየተነሣ ሳለ እንኳ፣ የአሞራ ገደል ምጣድ ከዘይት አይራቆትም።

ሐይቁ ራሱ በታወቁት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ትንሹ ነው፤ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም ከሁሉ ጠለቅ ባለበት ከ22 ሜትር እምብዛም አይርቅም። የጨለለቃን ረግረግ አቋርጦ የሚመጣው ጥቁር ውኃ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን በዓይን አይታይም። መውጫ የሌለው ሐይቅ በሐሩር አገር ሲኖር ፀሐይ ውኃውን እያተነነች ጨውን ስለምትተውለት ከዘመን ብዛት መምረር ሕጉ ነው፤ አብያታና ሻላ እንደዚያ ሆነዋል። ሐዋሳ ግን ጨው ያልበዛበት ውኃ ሆኖ መቅረቱ የሐይቅ መርማሪዎችን ያስገረመ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ሲተነትኑም ውኃው ከመሬት በታች በሚሠወር መንገድ እየሰረገ ጨውን ይዞት ይሄዳል ይላሉ። ይህን ያነሣሁት ለሌላ አይደለም፤ የዋቅላሚ ዕድል በውኃው ጨው ስለሚወሰን ነው። ጨው ባልበዛበት ውኃ ብዙ ዓይነት ዋቅላሚ ተደባልቆ ይኖራል፤ በመራራው ውኃ ግን ሌላው ሁሉ ይሸሽና አንዱ ብቻውን ይነግሣል።

የሐዋሳን አረንጓዴ በስም በስሙ እየለዩ የጻፉ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት አሉ፤ ስማቸው በአደባባይ እምብዛም ስለማይጠራ እዚህ ልጥራው። ጌታቸው ተፈራ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት የሐዋሳና የዝዋይ ቆሮሶ የሚመገበውን መርምረው፣ ዓሣው ዋቅላሚ በል መሆኑን ከሆዱ አውጥተው አሳዩ። ደመቀ ክፍሌና አምሃ በላይ እ.ኤ.አ. በ1990 የሐይቁ ዋቅላሚ ከወቅት ወቅት የሚሠራውን ምግብ ከብርሃንና ከውኃው ንጥረ ነገር ጋር እያስተያዩ ለኩ። ኤልሳቤጥ ከበደ ደግሞ ከዚሁ ከአምሃ በላይ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 በሐይቁ ውስጥ የሚገኙትን ዓይነቶች ዘርዝረው ጻፉ፤ ከነዚህም አንዱ ቦትሪዮኮከስ የተባለው፣ እንደ ወይን ዘለላ ተቋጥሮ የሚንሳፈፍና በገላው ውስጥ ዘይት የሚያጠራቅም ዋቅላሚ ነው። በአሞራ ገደል ከቆሮሶው አንጀት የሚወጣው ጭቃ እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ የተፈጨ ነው፤ አንጀቱ እንዲያ የረዘመው፣ ጨጓራውም ጠንካራ አሲድ የሚያመነጨው፣ የዋቅላሚ ቆዳ በቀላሉ አልፈጭም ስለሚል ነው።

ስለዚህ የሐዋሳ ሰው ዋቅላሚ ሲበላ ኖሯል፤ የሚበላው ግን በቆሮሶ እጅ ነው። ይህ በሁለተኛ እጅ መብላት የራሱ ጥቅም አለው። ዘሪሁን ደስታና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ የሐዋሳ ቢልጫ ሲያድግ ዓሣ በል ወደ መሆን ስለሚሻገር በሥጋው የሚጠራቀመው ሜርኩሪ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል፤ ዓሣ የበላ ዓሣ የሌላውን ዕዳ ሁሉ ይወርሳልና። ቆሮሶ ግን ከመሰላሉ ግርጌ፣ ከአረንጓዴው አጠገብ ስለሚመገብ ዕዳው ቀላል ነው። ከገበያው ትልቁን ዓሣ ማግኘት እንደ ዕድል ለሚቈጥር ሰው ይህ የሚጥም ወሬ አይደለም።

አሁን አንባቢን ከሐዋሳ ወደ ሰሜን ልውሰድ። በቀጥታ ቢለካ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ፣ ከሻላ ሐይቅ ግርጌ፣ ጪቱ የተባለ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ተቀምጧል፤ ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ውኃው በሶዳ የተመላ ስለሆነ በጣት ቢዳስሱት እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ እጅን እስከ ክርን ቢነክሩበት ጣቶች አይታዩም፤ ከዳር እስከ ዳር የአብሽ ወጥ የመሰለ ወፍራም አረንጓዴ ነው። እዚህ ላይ ነው አንዱ ብቻውን የነገሠው፤ ስሙ ስፒሩሊና ይባላል፣ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እንደ ጠጕር ቀለበት የተጠማዘዘ ክር ነውና። (ሊቃውንቱ ዛሬ ይህን ሰማያዊ አረንጓዴ ወገን ከባክቴሪያ ይቈጥሩታል፤ ከባሕር አረም ጋር ዝምድናው በዘር ሳይሆን በግብር ነው።) ኤልሳቤጥ ከበደ ይህንኑ የጪቱን ስፒሩሊና በቤተ ሙከራ አሳድገው፣ ብርሃንን እንዴት እንደሚጠቀምና የጨውን ብዛት እንዴት እንደሚታገሥ እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 ጽፈዋል።

የጪቱ አዝመራ አጫጁ ፍላሚንጎ ነው። አንገቱን ቆልምሞ መንቈሩን ገልብጦ ውኃውን ያጣራል፤ አረንጓዴውን ውጦ ላባው ሮዝ ይሆናል። ነገሩ ተአምር ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ስፒሩሊና በአረንጓዴው ሥር የሠወረው ካሮቲን የተባለ፣ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ኅብር አለ፤ የወፉ ገላ አረንጓዴውን ፈጭቶ ኅብሩን ወደ ላባው ይልከዋል። እንግዲህ ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ «አንቲኦክሲደንት» እየተባለ የሚወደሰው ነገር በቅርብ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ሰው፣ ከፍላሚንጎ ክንፍ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም።

አንቲኦክሲደንት ምንድን ነው? እናቶቻችን ስሙን ሳያውቁ ግብሩን ያውቁት ነበር። ለጋ ቅቤ ሳይነጠር ቢሰነብት ይሰነፍጣል፤ ብረት ከደጅ ቢያድር ይዝጋል፤ የተላጠ ሙዝ ይጠቁራል፤ ሦስቱም አንድ በደለኛ አላቸው፤ ይኸውም ያለ እርሱ አንዲት ደቂቃ የማንኖረው ኦክስጅን ነው። ቅቤው በኮሰረት፣ በኮረሪማና በእርድ ሲነጠር ግን ዓመት ቢከርም ጠረኑ አይከፋም። ውኃው ተንኖ መውጣቱ አንድ ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው ቅመሞቹ ከቅቤው ቀድመው ለኦክስጅን ራሳቸውን የሚሰጡ ንጥረ ነገሮች ስላሏቸው ነው። አንቲኦክሲደንት ማለት ይኸው ነው፤ ሌላው እንዳይበላ ቀድሞ የሚበላ ማለት ነው። ዋቅላሚ ደግሞ ይህን ጋሻ ከማንም አብልጦ ይሻዋል፤ ቀኑን ሙሉ በሐሩር ፀሐይ ሥር ተንሳፍፎ ኦክስጅንን ራሱ ሲያመርት የሚውል ስለሆነ፣ በገዛ ምርቱ እንዳይቃጠል መከላከያውን አብሮ መሥራት ግድ ይለዋል። በባሕር ዳር ድንጋይ ላይ የተጣበቀው የባሕር አረምም ማዕበሉ ሲሸሽ ለፀሐይና ለነፋስ እየተራቆተ፣ ማዕበሉ ሲመለስ እየተዘፈቀ ስለሚኖር፣ ቡናማው ወገን ፍሎሮታኒን የተባለ የራሱን መከላከያ ይሠራል።

መርማሪዎቹ ይህን ኀይል የሚለኩበት አንድ መንገድ ሲያዩት ደስ የሚል ነው። ዲፒፒኤች የተባለ የወይን ጠጅ መልክ ያለው ፈሳሽ በብርጭቆ ቱቦ ይቀዳል፤ የዋቅላሚው ጭማቂ ጠብ ይደረግበታል፤ ጭማቂው ኀይል ካለው ወይን ጠጁ እየሳሳ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ብሎይስ የተባለ ሊቅ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1958 ካስተዋወቀ ወዲህ ያልተፈተነ ቅጠልና ሥር የለም ማለት ይቻላል፤ የባሕር አረምም፣ ስፒሩሊናም፣ የእኛው ኮሰረትም በቱቦው ፊት ቀርበው ምስክርነታቸውን ሰጥተዋል። ስፒሩሊናን ሰማያዊ መልክ የሚሰጠው ፋይኮሲያኒን የተባለው ንጥረ ነገርም አንቲኦክሲደንት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1998 ተጽፏል።

ስፒሩሊናን ለማዕድ ያበቁት ግን እኛ አልነበርንም፤ ይህ የታሪኩ አሳዛኝ ክፍል ነው። በሜክሲኮ ሐይቅ ዳር የነበሩት አዝቴኮች እስፓኞች ሳይመጡባቸው አስቀድመው እየሰበሰቡ ያደርቁትና ይበሉት ነበር። በቻድ ሐይቅ ዳርቻ የካኔምቡ ሴቶች ከሶዳ ኩሬ ላይ አረንጓዴውን አረፋ በእንስራና በቅል እየቀዱ በአሸዋ ላይ ያፈስሱታል፤ ውኃው ሰርጎ የቀረውን ቂጣ በፀሐይ አድርቀው ይቈራርሱትና «ዲሄ» ብለው ለወጥ ያውሉታል። ቤልጅጋዊው የዕፀዋት ሊቅ ዣን ሌዮናር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ይህን ቂጣ አይቶ ለዓለም ባስታወቀ ጊዜ፣ ነገሩ ስለ ምግብ እጥረት ለሚጨነቀው ዓለም ትልቅ ተስፋ መስሎ ታየ። የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን በቢሾፍቱ ዙሪያ ባሉት አረንጓዴና ኪሎሌ በተባሉት ሐይቆች እንግሊዛዊው ጃክ ታሊንግ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ሆኖ የስፒሩሊናን ሥራ ይለካ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍም በእነዚህ ሐይቆች የተገኘው የምግብ ሥራ መጠን በተፈጥሮ ውኃ ዘንድ ከታወቀው ሁሉ ከፍተኛ ከሚባለው ወገን መሆኑን መሰከሩ። ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ ከስንዴ ማሳ እጅግ የሚበልጥ አዝመራ ያለ ባለቤት በቅሎ ነበር ማለት ነው።

ከሁለቱ ሐይቆች የአንዱ አዝመራ ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ የሞጆ ወንዝ ወደ ኪሎሌ ተጠልፎ በገባ ጊዜ፣ ሶዳው ተበርዞ ውኃው ስለ ለዘበ፣ በመራራው ውኃ ነግሦ የነበረው ስፒሩሊና ዙፋኑን ለሌሎች ለቀቀ። ወንዙን የጠለፉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ለመስኖ ውኃ መፈለግ ነውር አይደለም። ነገር ግን በዓለም ጽሑፍ ስሙ የተጠራለት አዝመራ ጠፋ ብሎ ያለቀሰ ሰው አልተሰማም፤ ስም የሌለው ነገር ሲሞት መርዶ ነጋሪ የለውማ።

አምሃ በላይን ከላይ ሁለት ጊዜ ጠቅሻቸዋለሁ፤ የእርሳቸው መንገድ የዚህ ታሪክ ድልድይ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የሐዋሳን፣ የጫሞንም ዋቅላሚ ያጠኑት እኒህ ሊቅ ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በካሊፎርኒያ ኢምፔሪያል ሸለቆ በረሃ ስፒሩሊናን በሰፋፊ ገንዳዎች በሚያመርተው ኧርዝራይዝ በተባለው ድርጅት የሳይንሱን ሥራ መሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከጃፓናውያን ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ስፒሩሊና ለጤና ይሰጣል የተባለውን ጥቅም የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው እየለዩ የጻፉት ጽሑፍ፣ በሙያው ዘንድ ደጋግሞ የሚጠቀስ ነው። በጪቱ ፍላሚንጎ ብቻውን የሚያጭደው አዝመራ በካሊፎርኒያ በኢትዮጵያዊ እጅ ተጠንቶ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በብልቃጥ ታሽጎ ተሸጠ። የቡናን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው መንገዱ እንግዳ አይሆንበትም።

እዚህ ላይ ግን ብዕሬን ጥቂት ልግታ፤ ስለ አንቲኦክሲደንት የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለምና። በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ወይን ጠጁን ያስቢጫጨ ጭማቂ በሰው ደም ውስጥ ያንኑ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ሆድ አለ፣ ጉበት አለ፣ ገላችንም የራሱ ዘበኞች አሉት። በፊንላንድ አገር 29,133 ሲጋራ አጫሽ ወንዶች የተመዘገቡበት ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ለተወሰኑት ቤታ ካሮቲን፣ ያው ፍላሚንጎን የሚያቀላው ኅብር፣ በኪኒን መልክ ለዓመታት ተሰጣቸው። ሁሉም ይጠብቅ የነበረው የሳንባ ነቀርሳ እንዲቀንስ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ግን ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ዘንድ ነቀርሳው 18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ካሮት መብላት አንድ ነገር ነው፣ ከካሮት ውስጥ አንዱን ነገር መዝዞ በብዛት መዋጥ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ይህን የሚያህል ትምህርት ከተገኘ በኋላ «ከእርጅና ያድናል» የሚል ማስታወቂያ የሚጽፍ ነጋዴ ወይ አላነበበም ወይ አንብቦ ዝም ብሏል።

የባሕር አረም ለሰው ልጅ ካበረከተው መድኃኒት በሰው ገላ ላይ ተፈትኖ የጸናው ሌላ ነው። በርናር ኩርቷ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1811፣ ለባሩድ የሚሆን ጨው ከባሕር አረም አመድ ሲያወጣ፣ ሐምራዊ ጢስ ሲነሣ አየ፤ ከዚያ ጢስ አዮዲን ተገኘ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ እንቅርትን በአዮዲን ማከም ጀመረ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያለ ለሚተርት ደገኛ፣ ከባሕር ለራቀና አፈሩን ዝናብ ላጠበው አገር፣ ከባሕር አረም የሚጠበቀው ትልቁ ጸጋ ይህ ነበር፤ የመጣውም በዘመናችን በጨው ተቀላቅሎ ነው። ስፒሩሊና ከጨው ባሕር የበቀለ ባለመሆኑ በዚህ ረገድ የባሕር አረምን ሊተካ አይችልም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። አረንጓዴ ውኃ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በሐዋሳ ሐይቅ ከሚገኙት ዓይነቶች መካከል ማይክሮሲስቲስ የተባለው ወገን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ነው። ከተማይቱ ስታድግ፣ የማሳው ማዳበሪያና የመንደሩ እጣቢ በጎርፍ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ እንዲህ ያለው ወገን ምግብ ይበዛለታል። ስለዚህ የካኔምቡን ሴቶች አይቶ «ፍቅር ሐይቅ» በተባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ቅል ይዞ ውኃ ሊቀዳ የሚነሣ ቢኖር እለምነዋለሁ፣ ይተወው።

በአንድ ማለዳ በአሞራ ገደል ተገኝቼ ያንን አንጀት ከሚስበው ልጅ አጠገብ ተቀመጥሁ። ዕድሜው ከዐሥራ አምስት አይበልጥም፤ ቢላዋው በመሳል ብዛት ቀጥኖ ወረቀት መስሏል፤ አንዱን ቆሮሶ ቅርፊቱን አራግፎ፣ ሆዱን ከፍቶ፣ ሥጋውን ከአከርካሪው ለይቶ እስኪያስቀምጥ እኔ አንድ ሲኒ ቡና አልጨረስሁም። ከሰሌዳው ጫፍ የፈሰሰውን አረንጓዴ በጣቴ ጠቆምሁና ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ፊት ለፊታችን የተንጣለለውን ውኃ በአገጩ አመለከተ።

«ቁርሱ ነዋ፣ ጋሼ» አለና ቀጣዩን ዓሣ ሳበ።